በሰዓት አምስት ሌቫ

ስድስት ጀልባዎች አሉኝ፤ አንደኛዋ ታፈሳለች፣
እሷን አላከራያትም፣ የዳክዬ ቤት ሆናለች።
«በሰዓት አምስት ሌቫ» ይላል፣ በቀይ ቀለም የጻፍኩት፤
የእጅ ሰዓቴን ግን ዘንድሮ፣ ስቀዝፍ ውሃ ውስጥ ጣልኩት።
አሁን ሰዓት ሞላ የምለው፣ የጥዱ ጥላ ድንጋዩን ሲነካ፤
ማን ይከራከራል እዚህ፣ ዋጋ በጥላ ሲለካ።

ሮዶፒ ተራራ ላይ ነን፣ አስፋልቱ በሚያልቅበት፣
ግድብ ያቆመው ውሃ፣ ጥድ ራሱን በሚያይበት።
በሐምሌ ከፕሎቭዲቭ፣ የከተማ ሰው ይጎርፍበታል፤
ልጅ ይጮኻል፣ ሐብሐብ ይታረዳል፣ ሥጋ ይጠበስበታል።
መስከረም ሲጋመስ ግን፣ ድንኳኑ ሁሉ ይነቀላል፣
እኔና ዳክዬ እንቀራለን፤ ውሃውም ሁለት ክንድ ይጎድላል፣
ተርባይን ሲጠጣው ከርሞ፣ የጭቃ ቀበቶው ይታያል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የረጋ ውሃ ወሬኛ ነው፤
መሐሉ ላይ የሹክሹክታን፣ ዳር ድረስ አድራሽ እሱ ነው።
ስንቱ ጥንድ መሐል ገብቶ፣ «እዚህ ማንም አይሰማን» አለ፤
እኔ ግን ገመድ ስቋጥር፣ ጆሮዬ እዚያው ጀልባ ውስጥ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ አሮጌ ላዳ መጣች፤
ከሹፌሩ ወንበር ስታንካ፣ ጉልበቷን ይዛ ወጣች።
ከኋላ ወንበር ቬሊን (የፊቱ እያለ ባዶ!)፣
ወንድሟ ነው፤ በሌላው በር ወረደ፣ እንዳያያት ዞሮ ሄዶ።

ሸለቆው ሁሉ ያውቃል፦
አሥራ ዘጠኝ ቀፎ ነበር፣ አባት ትቶላቸው ያለፈው፤
ለሁለት አልካፈል ብሎ፣ አንዱ ነው ቤት ያፈረሰው።
ንቦቹ ከሞቱ ቆዩ፤ ኩርፊያው ግን ማር ሳይሰጥ ኖረ፣
ዘጠኝ ክረምት፣ ዘጠኝ በረዶ፣ ሰላምታቸው እንደታሰረ።

ስታንካ ሳንቲም እየቆጠረች፣ ለእኔ ነው የነገረችኝ፦
«ልቡ ደክሟል፤ አየር ይቀበል ብሎ ሐኪም ነው ያዘዘው፤
ሚስቱ መኪና አትነዳ፣ እኔ ነኝ እንግዲህ የማጓጉዘው።»
እሱ ጥዶቹን ይቆጥራል።
ልብ የደከመው ሰው ደግሞ፣ መቅዘፊያ መግፋት አይችልም፤
እሷ ያዘችው። ሰባ አልፏታል፤ ክንዷ ግን ገና አልዛለም።

ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው፣
የመጣበትን እያየ፣ የሚሄድበትን ሳያየው።
ከፊቱ የተቀመጠው ነው፣ መጪውን መንገድ የሚያይ፤
እሱ ዝም ካለ ጉቶ አለ፣ ከጎደለው ውሃ በላይ።

ገፋሁላቸው።
ጥብ። ጥብ። ሌላ ድምፅ የለም።
የሁለት ሰው ዝምታ እንዲህ ይከብዳል አላልኩም፤
ጀልባዋ ጠልቃ ስትሄድ፣ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም።
ጉቶው ጥርሱን አውጥቶ፣ በቀጥታ መንገዳቸው ላይ ቆሟል፤
ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ጉሮሮዬ ግን ታንቋል።

«ግራ።»
የቬሊን ድምፅ የዛገ ነበር፣
ዘጠኝ ዓመት ያልተከፈተ በር።
ስታንካ መቅዘፊያውን አነሳች፤ ጠብታው ሲወርድ ሰማሁት።
«የማን ግራ?» አለች፣ «ያንተ ነው ወይስ የእኔ?»
አሰበ። ጉቶው እየቀረበ ነው፤ እሱ ግን ያስባል።
«ያንቺ» አለ።
እኔ ዳር ላይ ገመዴን ጣልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ጉቶ፤ ሌላ «ቀኝ»፣ ሌላ «ያንቺ ነው»፣
«ቀስ!»፣ «አየሁት»፣ «በምን አየሽው፤ ጀርባሽ አይደል ወደሱ ያለው?»
ሰማኋቸው፤ ተመስገን፣ መጨቃጨቅ ጀመሩ!
አፍንጫ የመሰለውን አለት፣ ዞረው እስኪሰወሩ።
አለቱን ካለፉ ወዲያ፣ ውሃው ምንም አላመጣልኝ፤
ወሬኛም አንዳንዴ ያፍራል። ቆሜ ጥላው አለፈኝ።

ሲመለሱ ጥላው ሁለት ሰዓት ይላል፤ የአንዱን ብቻ ተቀበልኩ።
ቬሊን ዛሬም ከኋላ ወንበር ገባ። እኔስ ምን ጠበቅኩ?
መስኮቱን ግን ዝቅ አደረገ፤ ላዳዋ እያጓራች፣ አቃስታ፣
በኋላ ማርሽ ጭቃውን ስትወጣ፣ «ግራ!» አላት፣ አንገቱን አስግጎ።
«የማን ግራ?» አለች ስታንካ፣
መኪና ውስጥ የሁለቱም፣ አንድ መሆኑን ረስታ።